«ይህን ፋይል አትንኩ»፦ ያረጀ የፒኤችፒ ሲስተም ተረክቤ ያየሁት

የተረከብኩት ሲስተም ዋናው ፋይል አናቱ ላይ አንድ ማስታወሻ ነበረው። «ይህን ፋይል አትንኩ» ይላል። ከሥሩ 2,400 መስመር ኮድ ተዘርግቷል። ፒኤችፒ በሚባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው በ2009 ነው (የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ስረከበው 2018 ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። የአባላት ምዝገባ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ፣ ወርሃዊ ሪፖርት፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚሠራው። የጻፉት ሰውዬ ከድርጅቱ ከወጡ ቆይተዋል።

የሚሠራበት የፒኤችፒ ቨርዥን 5.6 ነበር። የዚያ ቨርዥን የደህንነት ድጋፍ ደግሞ በ2018 ዲሴምበር መጨረሻ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። እንደነበረ መተው አይቻልም።

ይህን የምጽፈው እንደዚህ ያለ ሲስተም ታቅፈው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በሰርቨር በኩል የሚጠቀሙበት ቋንቋ ከታወቀ ድረ ገጾች መካከል ከ10ሩ ከ7 በላይ የሚሆኑት ዛሬም የሚሠሩት በፒኤችፒ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው የድረ ገጽ ማዘጋጃው ዎርድፕሬስ ነው። ዊኪፒዲያ የቆመበት ሚዲያዊኪም የተጻፈው በፒኤችፒ ነው። ከዚህ ቁጥር ውጭ ደግሞ ለውጭ ሰው የማይታዩ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ሆነው ዓመት ከዓመት ሥራቸውን የሚሠሩ እንደ እኔው ያሉ ሲስተሞች አሉ።

ከፒኤችፒ ጋር የተዋወቅኩት ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ2006 ነው። ያኔ ኤችቲኤምኤል ብቻ ነበር የምችለው። አንድ ገጽ ሠርቼ ከሥሩ የዕለቱን ቀን ማሳየት ፈለግኩ። አንድ ጓደኛዬ «የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ ቀይሪው፣ ከዚያ መሀል ላይ ይቺን መስመር አስገቢ» አለኝ። አስገባሁ። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት። ብራውዘሩን ሪፍሬሽ አደረግኩ። ቀኑ ወጣ። በቃ። ኮምፓይል የሚደረግ የለ፣ የሚነሳ ሌላ ፕሮግራም የለ፣ የሚዋቀር ነገር የለ። በጻፍኩትና ስክሪኑ ላይ ባየሁት መካከል የተጋረደ ነገር አልነበረም። ፕሮግራመር የሆንኩት በዚያች ቀን ይመስለኛል።

ያ ቅርበት ከአፈጣጠሩ የመጣ ነው። ራስመስ ለርዶርፍ በ1994 ሥራውን ሲጀምር ቋንቋ ልፍጠር ብሎ አልተነሳም። ኢንተርኔት ላይ ያወጣውን የሥራ ልምዱን ስንት ሰው እንዳየው ማወቅ ፈለገና በሲ ቋንቋ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ጻፈ። በ1995 ጁን ላይ ለሁሉም በነፃ ለቀቃቸው። ስማቸውም ለግል መነሻ ገጽ የሚሆኑ መሣሪያዎች የሚል ነበር። በ1997 ዚቭ ሱራስኪና አንዲ ጉትማንስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ኮዱን የሚያነበውን ዋናውን ክፍል እንደ አዲስ ጻፉት። በ1998 ቨርዥን 3 ወጣ። ዛሬ የምናውቀው ፒኤችፒ መልክ የያዘው ያኔ ነው። ሆኖም ያቺ የመጀመሪያዋ ጠባይ አልለቀቀችውም። ፋይል አለ፣ ፋይሉ ሲጠራ ገጽ ይወጣል።

ሁለቱ ተማሪዎች እስራኤላውያን ነበሩ። ድርብ ሁለት ነጥብ (::) ያለቦታው ሲገባ ለረጅም ዓመታት ይወጣ የነበረው የኤረር መልእክት ውስጥ «ፓአማዪም ነኩዶታዪም» የሚል የዕብራይስጥ ስም ነበረበት። ብዙ ሰው ምንነቱ ጠፍቶት ሲጨነቅ አይቻለሁ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሁለተኛዋ ቃል ጆሮዬ ላይ «ነቁጥ»ን መሰለችኝ። ፈልጌ ሳገኘው እውነትም ስለ ነጥብ ነው። ምልክቱም ቢሆን ቁርጥ የኛ አራት ነጥብ! ይቺን ነገር እስከ ዛሬ እወዳታለሁ። ሰዎች የሠሩት ነገር መሆኑን ታስታውሰኛለች።

ወደ ሲስተሙ ልመለስ።

ስብሰባ ተቀመጥን። ሐሳቡ ወዲያው ነው የመጣው። ይሄ ያረጀ ነገር ተጥሎ በአዲስ ቋንቋ ከዜሮ ይጻፍ ተባለ። እኔም ደገፍኩ። አጥብቄ ነው የደገፍኩት። ፒኤችፒ ያለፈበት ነው የሚለው ወሬ በየቦታው ይሰማ ነበር፣ እኔም ለመድኩት። በ6 ወር እንጨርሳለን አልን። 14 ወር ሠርተን አቆምነው።

ለምን እንዳልተሳካ በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄ ቢሆን ይሻላል። እኛ አዲሱን ስንጽፍ አሮጌው ዝም ብሎ አልጠበቀንም። ሥራ አለበት። አዲስ የክፍያ ዓይነት መጣ፣ የደረሰኝ ቅርጽ ተቀየረ፣ ሪፖርት ላይ ዓምድ ተጨመረ። ሁሉም መጀመሪያ አሮጌው ላይ ይሠራል፣ ከዚያ አዲሱ ላይ እንደገና ይሠራል። በሄድን ቁጥር መድረሻው አብሮን ይሄዳል።

ሁለተኛው የከፋ ነበር። ሙከራ ላይ ሳለን አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባ ደወለችልኝ። በራሷ ስም ገብታ የሌላ ሰው ገጽ አየች። ደሜ ቀዘቀዘ። ሁለት ቀን ስንፈልግ ከርመን አገኘነው። የገባውን ተጠቃሚ ማንነት ከሪኩዌስቱ (ሰው ገጽ ሲጠይቅ ከሚመጣው ጥያቄ) ውጭ በተቀመጠ አንድ ቫሪያብል (እሴት መያዣ) ነበር የያዝነው። አዲሱ ሰርቨር አንዴ ከተነሳ እስኪዘጋ ድረስ ሜሞሪውን ይዞ ይቆያል። ሁለት ሰዎች እኩል ሲገቡ የአንዱ ስም በሌላው ላይ ይጻፋል። ጥፋቱ የቋንቋው አልነበረም፣ የኛ ነው። በፒኤችፒ የለመደ እጅ ነበር የጻፈው። ግን ለ12 ዓመት ስጠቀምበት ኖሬ ስም ሰጥቼው የማላውቀው ነገር ያን ቀን ገባኝ።

ፒኤችፒ ውስጥ አንድ ሰው ገጽ ሲጠይቅ ኮዱ ከመነሻው ይጀምራል። ይሠራል፣ ገጹን ይልካል፣ ያበቃል። ሲያበቃ ቫሪያብሉም፣ አሬዩም፣ ከዳታቤዝ ያመጣው ሁሉ ይጠረጋል። ቀጣዩ ሰው ሲመጣ የሚያገኘው የተጠረገ ቤት ነው። የሚተርፈው ሆን ብላችሁ ዳታቤዝ፣ ፋይል ወይም ሴሽን (ለአንድ ተጠቃሚ ለጊዜው የሚቀመጥ መረጃ) ውስጥ ያኖራችሁት ብቻ ነው። የአንዱ ተጠቃሚ መረጃ በስንፍና ወደ ሌላው የሚፈስበት መንገድ በጣም ጠባብ ነው። ኮዱ ትንሽ ሜሞሪ ቢያባክን ጉዳት የለውም፣ ገጹ ሲያልቅ ይመለሳል። አንድ ገጽ በኤረር ቢሞት የሚሞተው ያ ገጽ ብቻ ነው፣ ሌላው ሰው ሥራውን ይቀጥላል። በየጊዜው ከመነሻ መጀመሩ አያዘገይም ወይ ለምትሉ፣ ከ5.5 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ኦፕካሽ አንዴ የተተረጎመውን ኮድ ሜሞሪ ውስጥ ይይዝለታል። ፋይሉን በየሪኩዌስቱ እንደ አዲስ አያነብም።

እኔ የዚህ ቋንቋ ዕድሜ ምስጢር እዚህ ጋ ነው እላለሁ። ሰው ብዙ ጊዜ ለመማር ስለሚቀል ነው ይላል። እሱም ልክ ነው። ነገር ግን ቀላል ሆነው የጠፉ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። ፒኤችፒ ያቆየው ያልተጠነቀቀ ሰው የጻፈው ኮድ እንኳ ተሰባብሮ እንዳይወድቅ የሚይዘው ይሄ አሠራር ነው። የኔው ሲስተም ምስክር ነው። 9 ዓመት ሙሉ ብዙም የነካው ሰው ሳይኖር ሠርቷል።

ሦስተኛው ምክንያት ደንቦቹ ናቸው። አሮጌው ኮድ ውስጥ ማንም የማያስታውሳቸው ደንቦች ተቀብረው ነበር። አንደኛዋ 25 የምትል ቁጥር ናት። የክፍያው ቀን ከ25 ከበለጠ ክፍያው በሚቀጥለው ወር ይመዘገባል። ማብራሪያ የላትም። ስህተት ናት ብለን አዲሱ ውስጥ ሳናስገባት ቀረን። የሁለቱ ሲስተም ወርሃዊ ሪፖርት አልገናኝ አለ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ፕሮግራመር ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቺ 25 ምንድን ናት?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አሁንም አለች? ልጄ፣ ሒሳብ ክፍል ወሩን በ25 ይዘጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የገባ ብር ለሚቀጥለው ወር ነው። ጠይቂያቸው፣ አሁንም እንደዚያ ይሆናሉ።»

ጠየቅኩ። አሁንም እንደዚያ ነው። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም ሊነግረን አላሰበም። እኛም ልንጠይቅ አላሰብንም።

ያን ጊዜ ነው አዲሱን አቁመን አሮጌውን እዚያው ባለበት ለማሳደግ የወሰንነው። 2020 ሆኗል። ከ5.6 ወደ 7.4፣ ከዚያ ወደ 8 ለመሄድ አሰብን። አንድ ፕሮግራመርና አንድ የሙከራ ባለሙያ ነበርን። በ8 ወር 7.4 ላይ ደረስን። 8.1 ላይ የገባነው በ2022 ነው፣ እሱ 3 ወር ብቻ ወሰደ።

እንዴት እንደሠራነው ልናገር።

ኮድ ከመንካታችን በፊት የገጾቹን «ፎቶ» አነሳን። ሲስተሙ ቴስት የሚባል ነገር አልነበረውም፣ ልጻፍለት ብል ደግሞ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በሙከራ ዳታቤዝ ላይ 180 ገጾችን አንድ በአንድ የሚጠራና የወጣውን ኤችቲኤምኤል ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እንደገና ይሮጣል፣ ከድሮው ጋር ያነጻጽራል። ልዩነት ካለ ያሳየኛል። ገጹ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። የሚያውቀው እንደ ትናንቱ መሆኑን ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከሁሉም ሥራችን ይቺ ስክሪፕት ናት እንቅልፍ የሰጠችኝ።

ቀጥሎ ዳታቤዙ ነበር። ድሮ ሁሉም ሰው ከዳታቤዝ ጋር ለመገናኘት ይጠቀምባቸው የነበሩት ስማቸው በ«ማይኤስኪውኤል» የሚጀምሩት ፈንክሽኖች (በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎች) በ5.5 ይቅሩ ተብለው ማስጠንቀቂያ ወጣባቸው፣ በ7.0 ጨርሶ ወጡ። የኛ ኮድ ውስጥ ከ600 በላይ ቦታ ላይ ነበሩ። ሁሉንም በአንዴ መቀየር አልደፈርኩም። መላው ይሄ ነው። ፈንክሽኖቹ ከቋንቋው ስለወጡ ስማቸው ነፃ ነው። ስለዚህ በዚያው ስም የራሴን ፈንክሽኖች ጻፍኩና ውስጣቸውን ወደ ፒዲኦ (የፒኤችፒ አዲሱ የዳታቤዝ መገናኛ) አዞርኳቸው። አሮጌው ኮድ ምንም ሳይሰማው ቨርዥን 7 ላይ ተነሳ። ከዚያ በእርጋታ ቦታ በቦታ እየገባሁ ወደ ትክክለኛው አጻጻፍ አመጣሁት። ይሄኛው ሥራ ግን መዝለል የለበትም። ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ ኤስኪውኤል (ለዳታቤዝ የሚላክ ትእዛዝ) ውስጥ በቀጥታ መለጠፍ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። በድሮው ስም የጻፍኳቸው ፈንክሽኖች ድልድይ ናቸው፣ ያሻግራሉ እንጂ በሩን አይዘጉም። በሩን የሚዘጋው እሴቱን ከትእዛዙ ለይቶ የሚልከው የፒዲኦ አሠራር ነው።

ሌላም ክፍት በር አገኘን። ብዙ ፋይሎች አናታቸው ላይ ኤክስትራክት በሚባለው ፈንክሽን ከአድራሻው የመጣውን ሁሉ ወደ ቫሪያብል ይቀይሩ ነበር። ይህ የድሮ ልማድ ርዝራዥ ነው። ፒኤችፒ በአንድ ወቅት ይህን ራሱ ያደርግ ነበር፣ አደጋው ስለታወቀ በ2002 እንዳይሠራ ተደረገ፣ በ2012 በ5.4 ጨርሶ ወጣ። ሰዎች ግን ለምደውት ስለነበር በእጃቸው መለሱት። አድራሻው ላይ አንድ ቃል የጨመረ ሰው ራሱን አስተዳዳሪ ማድረግ ይችል ነበር። እናንተም ጋ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። አፕግሬዱን እንኳ አትጠብቁ።

ወደ 8 ስትሄዱ አጥብቃችሁ የምትጠነቀቁት ድምፅ የሌላቸውን ለውጦች ነው። ኤረር የሚያወጣ ነገር ቀላል ነው፣ ራሱ ይጠራችኋል። ዝም ብሎ የሚቀየረው ነው አስቸጋሪው። ድሮ ባዶ ጽሑፍንና ዜሮን በሁለት እኩል ምልክት (==) ስታነጻጽሩ እኩል ናቸው ይል ነበር። ከ8.0 ጀምሮ አይደሉም ይላል። አዲሱ ነው ልክ። ነገር ግን የኛ ኮድ ዕዳ የሌለበትን አባል የሚለየው በዚያ ነበር። ዕዳ የሚለው ቦታ ባዶ የሆነ ሁሉ ከዕዳ ነፃ ነው። 8 ላይ ሲሆን እነዚህ ሰዎች በሙሉ ባለዕዳ ሆነው ወጡ። ፎቶ የምታነሳዋ ስክሪፕት ባትይዘው ኖሮ ለብዙ ንጹሕ ሰው የማሳሰቢያ ደብዳቤ ይደርስ ነበር።

ሁለተኛዋ ዝምተኛ ይቺ ናት። በድሮው አጻጻፍ የክላሱን (ዳታና ፈንክሽን አንድ ላይ የሚይዘውን የኮድ ክፍል) ስም የያዘው ፈንክሽን ክላሱ ሲፈጠር ራሱ ይጠራ ነበር። በ8.0 እሱ ቀረ። ኤረር የለም፣ ፈንክሽኑ እንደ ማንኛውም ፈንክሽን ይቀመጣል፣ የሚጠራው ግን የለም። 3 ክላሶች ነበሩን እንደዚያ ያሉ። አንደኛው ደረሰኝ ቁጥር የሚሰጠው ነው።

የቀረው በአብዛኛው ድምፅ አለው። የአሬይ ቁልፍ ያለ ትእምርተ ጥቅስ መጻፍ ድሮ ታልፎ ይሄድ ነበር፣ አሁን ያስቆማል። ባዶ ነገር መቁጠርም እንዲሁ። ሁለት መሣሪያዎች ብዙ አገዙኝ። ፒኤችፒስታን ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ችግሩን ይጠቁማል። ያረጀ ኮድ ላይ መጀመሪያ ሲሮጥ ሺህ ነገር ያወጣል፣ አትደንግጡ። ያለውን ሁሉ መዝግቦ አዲስ የተጨመረውን ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ሬክተር ደግሞ የድሮውን አጻጻፍ ራሱ ወደ አዲሱ ይቀይራል። በአንዴ ሁሉንም አትልቀቁት። አንድ ዓይነት ለውጥ ብቻ፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ቀጣዩ። የፒኤችፒ መመሪያ ራሱም ከአንድ ቨርዥን ወደ ቀጣዩ ምን እንደተቀየረ የሚዘረዝር ምዕራፍ አለው። እኔ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ነበር፣ እየሠራሁ እሰርዛለሁ።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች አንድ ራሱን የቻለ ጣጣ አለ። ሌላ ቦታ ተጽፎ ስላላገኘሁት ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ፒኤችፒ ስትሪንግን (ጽሑፍን) የሚያየው እንደ ባይት ሰልፍ ነው። ቨርዥን 6 የዓለምን ፊደላት የሚይዘውን ዩኒኮድን ከውስጥ ሊያስገባ ታስቦ ዓመታት ተሠራበትና በ2010 ቀረ። ከ5 ወደ 7 የተዘለለውም ለዚህ ነው። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድን በባይት መጻፊያ መንገድ) እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ ርዝመት የሚቆጥረው ፈንክሽን ስትርሌን ግን 9 ይላችኋል። የኛ ደረሰኝ ስም ሲረዝም በ20 ባይት ይቆርጥ ነበር። 20 ለ3 አይካፈልም። ስድስት ፊደል ይወጣና ሰባተኛው ተሰብሮ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ለዓመታት ሰዎች የፕሪንተሩ ችግር ነው ብለው ኖረዋል። መፍትሔው ስማቸው በ«ኤምቢ» የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች መጠቀም ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ፊደል ነው።

ከዚህ የባሰው ወደ ፒዲኦ ስንዞር መጣ። አዲሱን ግንኙነት ዩቲኤፍ-8 ነው አልኩት። ገጹን ስከፍት የአባላቱ ስም በሙሉ ጠፍቷል። በቦታው አናቱ ላይ ጭረት ያለው የላቲን «ኤ» ከሌላ ምልክት ጋር እየተደጋገመ ተደርድሯል። ዳታው የተበላሸ መሰለኝ። አልተበላሸም። ድሮ ግንኙነቱ ላቲን-1 (ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራ አጻጻፍ) ነበር፣ ሰንጠረዦቹም እንዲሁ። የአማርኛው ባይት እንዳለ ይገባል፣ እንዳለ ይወጣል፣ ዳታቤዙ ግን አማርኛ መሆኑን አያውቅም። አዲሱ ግንኙነት ላቲን መስሎት ሊተረጉመው ሲሞክር ነው የተዘበራረቀው። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው ያ «ኤ» የሚደጋገመው። እሱን ካያችሁ በሽታው ይሄ ነው።

ስሞቹን እንደገና ለማስገባት አትሞክሩ። ባካፕ ያዙ። ከዚያ ዓምዱን መጀመሪያ ቋንቋ ወደሌለው ጥሬ የባይት ዓይነት፣ ማለትም ወደ ብሎብ ቀይሩት። ቀጥላችሁ ወደ ዩቲኤፍ-8ኤምቢ4 ጽሑፍ ቀይሩት። በቀጥታ ከላቲን ወደ ዩቲኤፍ-8 ከቀየራችሁት ዳታቤዙ ስህተቱን ተርጉሞ ያጸናዋል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ችግር። በብሎብ በኩል ሲያልፍ ባይቱ አይነካም። እኔ መጀመሪያ በአንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ሞከርኩ። ስሞቹ ተመልሰው ሲወጡ እንባዬ መጣ።

ፍጥነቱንም ላንሳ። 7.0 በ2015 ሲወጣ ከ5.6 እጥፍ ያህል ይፈጥናል ተብሎ ነበር። ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ወርሃዊ ሪፖርታችን 7.4 ላይ የሚወስደው ጊዜ በግማሽ ወረደ፣ ሎጂኩ ላይ ምንም ሳንነካ። ሜሞሪውም ቀነሰ። ያው ሰርቨር፣ ያው ዳታቤዝ። ሒሳብ ክፍሎች አዲስ ኮምፒውተር የተገዛ መስሏቸው ነበር።

ቋንቋውም ያኔ የማውቀው አይደለም። የእሴት ዓይነት መግለጽ ይቻላል፣ በ8.1 ኢነም (የተወሰኑ አማራጮች ዝርዝር) መጣ፣ አንዴ ከተሰጠ የማይቀየር እሴትም እንዲሁ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ መኖሩን ለማየት ድሮ የምናደርገው መጠማዘዝ በ8.0 በአንድ ግልጽ ፈንክሽን ተተካ። ከ2012 ጀምሮ ኮምፖዘር የሚባለው መሣሪያ ስላለ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) በእጅ መገልበጥ ቀርቷል። አዲስ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ላራቬል ወይም ሲምፎኒ የሚባሉትን ዝግጁ ማዕቀፎች ይዛችሁ ጀምሩ፣ እኔ የተረከብኩትን ዓይነት ፋይል ዛሬ የሚጽፍ ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ።

ደካማ ጎኑን መደበቅ አልፈልግም። የፈንክሽኖቹ ስም ወጥ አይደለም፣ አንዱ ሰረዝ አለው፣ ሌላው የለውም። አንዱ የሚፈለገውን መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ሌላው የሚፈለግበትን። ከ15 ዓመት በኋላም መመሪያውን ከፍቼ አያለሁ። ቀጥታ እየተላለፈ ለሰዓታት ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት ከፈለጋችሁ፣ ያ ሲጠየቅ ተነስቶ ሲያበቃ የሚጠረግ አሠራር ይከብዳችኋል። መንገዶች አሉ፣ ግን እኔ ለዚያ ሌላ ነገር እመርጣለሁ። ኢንተርኔት ላይ የተበተነው የድሮ ትምህርትም አደገኛ ነው። የይለፍ ቃልን በኤምዲ5 (ዛሬ በቀላሉ በሚሰበር የድሮ ዘዴ) አስቀምጡ የሚል ካያችሁ ዝጉት። ከ2013 ጀምሮ ፓስወርድ ሃሽ የሚባል ፈንክሽን ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፣ እሱን ብቻ ተጠቀሙ።

ከዜሮ መጻፍ ምንጊዜም ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ሲስተሙ የሚሠራው ሥራ ራሱ ከተቀየረ ጻፉት። እርጅናው ብቻ ከሆነ ምክንያታችሁ ግን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ስጡት። የሙከራ ሰርቨር ላይ አዲሱን ቨርዥን ጫኑ፣ ኤረር በሙሉ እንዲወጣ አድርጉ፣ ሎጉን (የኤረር መዝገቡን) ቁጠሩ። የኛ የመጀመሪያ ቀን ሎግ ያስፈራ ነበር። ከፋፍለን ስናየው ግን 11 ዓይነት ችግር ብቻ ሆነ፣ እየተደጋገመ። አዲስ ቋንቋ ይመረጥ የተባለበት ስብሰባ ላይ ይህን ቁጥር ይዘን ብንቀመጥ ኖሮ 14 ወር እናተርፍ ነበር።

8.1 ላይ የገባን ቀን ማታ ለጋሼ የዋናውን ፋይል ፎቶ ላክሁላቸው። አሁን 300 መስመር ነው፣ ሌላው ተከፋፍሎ በየቦታው ሄዷል። «ይህን ፋይል አትንኩ» የምትለውን መስመር አንስቻታለሁ። ትንሽ ቆይተው ደወሉ።

«25ቷስ?» አሉኝ።

«አለች ጋሼ። አሁን ስም አላት፣ ከላይዋም ለምን እንደሆነ ተጽፎባታል።»

«እሰይ» አሉ።